ሳይታዩ መመዘን፦ መምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘናን ለምን አያምኑትም?

በሰሜን ሸዋ ለሚሠሩ ርዕሳነ መምህራን፣ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮችና መምህራን ከተዘጋጀ ንግግር የተጻፈ

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ የወረዳ ትምህርት ባለሙያዎች፣ መምህራንና መምህራት፤ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን በየመንፈቁ መጨረሻ የምትሞሉት ወይም የሚሞላላችሁ ወረቀት ነው። ከመራኛ እስከ አረርቲ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ስለዚህ ወረቀት በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚነገረው ብዙም አይለያይም። «ማን ገብቶ አየኝና ነው?» «ውጤቱ የሚታወቀው ፎርሙ ሳይሞላ ነው።» «ጎበዙም ሰነፉም እኩል ከሆነ ምን ያስለፋል?» ርዕሳነ መምህራን ደግሞ በበኩላቸው፣ ዝቅ አድርገው ቢሰጡ ቂም እንደሚያተርፉ፣ ከፍ አድርገው ቢሰጡ የሚለፋውን እንደሚበድሉ ይናገራሉ።

ይህን እንደ ተራ ማጉረምረም ሰምቶ ማለፍ ስህተት ነው። እያንዳንዱ አባባል አንድ የተበላሸ የአሠራር ቦታ በጣቱ ያሳያል። መምህር ሲፈትን፣ ሲያርምና ማርክ ሲሞላ የሚውል ሰው ስለሆነ፣ ያለ ፈተና የተሰጠን ማርክ ከማንም ቀድሞ ይለየዋል። ቅሬታው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ሳይታይ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ ለምን እንደሚሆን፣ አንድ ትምህርት ቤት ከበላይ አዲስ መመሪያ እስኪወርድ ሳይጠብቅ ምን ማስተካከል እንደሚችል እንነጋገር።

ቁጥሩ ለምን ከፍ ይላል?

መጀመሪያ ውጤቱ ምን እንደሚወስን እናስታውስ። መምህር ከጀማሪነት ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርና በመሪ መምህር በኩል እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል። በየደረጃው የደመወዝ ጭማሪ አለ። ለማደግ የአገልግሎት ዘመን ብቻውን አይበቃም፣ የምዘና ውጤትም ይጠየቃል። ዝውውር ሲጠየቅ፣ የትምህርት ዕድል ሲመጣ፣ ለርዕሰ መምህርነት ሲወዳደሩም ያው ቁጥር ከማኅደር ይወጣል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር የጻፈ መዛኝ የሰው እንጀራ ነካ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው። ሰላድንጋይ ወይም ዘመሮ ላይ ርዕሰ መምህሩና መምህሩ በአንድ ዕድር ይገናኛሉ፤ ልጆቻቸው አንድ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ፤ አንዱ ቤት ሐዘን ሲገባ ሌላው ቀድሞ ይደርሳል። የመምህር ደመወዝ ወሩን እንደማያደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ «ይህ ሰው ደካማ ነው» ብሎ መፈረም ከባድ ነው። መዛኙን ፈሪ ከማለት በፊት አንድ ቁጥር ሁለት የማይስማሙ ሥራዎች እንደተጫኑበት ማየት ይገባል። በአንድ በኩል መምህሩ የት ላይ እንደሚቸገር እንዲያሳይ ይፈለጋል፤ በሌላ በኩል ማን እንደሚያድግ እንዲወስን። ድካሙን የተናዘዘ መምህር ዕድገቱ ከዘገየበት፣ በሚቀጥለው መንፈቅ ማንም አይናዘዝም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009፣ በ4 ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ባሉ 12 የትምህርት ወረዳዎች የተደረገ ጥናት «ብቁ አይደለም» የተባለው መምህር ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳየ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት 4.35 ቢሊዮን ዶላር ለውድድር አቅርቦ ክፍለ ግዛቶቹ ምዘናቸውን እንዲያጠብቁ ገፋ። ብዙዎቹ አዲስ ፎርም፣ አዲስ የምልከታ መስፈርት፣ አዲስ የውጤት ቀመር አወጡ። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት 24 ክፍለ ግዛቶችን ሲመለከት፣ በአብዛኞቹ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደረጃ የሚያገኘው መምህር አሁንም ከመቶ አንድ በታች ነበር። ርዕሳነ መምህራኑ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሲጠየቁ ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የጊዜ ማነስ፣ ገና እየተማረ ያለን መምህር ሞራል ላለመስበር መሳሳትና ፊት ለፊት ለመናገር መቸገር ይገኙበታል። አገሩ ሌላ፣ በጀቱ ሌላ፤ መልሱ ግን ደነባና ሞላሌ ላይ ከምንሰማው ጋር አንድ ነው። ፎርም ብቻ የለወጠ አሠራሩን አልለወጠም።

ከራሳችን ታሪክ የመጣም ሸክም አለ። ዕድሜው ገፋ ያለ መምህር «ግምገማ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ትዝ የሚለው የክፍል ውስጥ ሥራ አይደለም፤ ሰው በሰው ላይ እንዲናገር የሚደረግበት የፖለቲካ ስብሰባ ነው። ከዚያ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ምዘና) መጣ። ከንግድ ድርጅት የተቀዳ የምዘና ዘዴ ስለነበር ተገልጋይ፣ ፋይናንስ፣ የውስጥ አሠራር፣ መማማርና ዕድገት የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉት። የሒሳብ መምህር የፋይናንሱን ሳጥን ለመሙላት ከጠመኔና ከወረቀት ቁጠባ ሌላ የሚጽፈው ነገር አይኖረውም። መምህሩ ምዘና ከማስተማር ጋር የማይገናኝ የወረቀት ሥራ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

አንድ መደናገርም እዚህ ላይ ይጥራ። የኢንስፔክሽን ባለሙያ መጥቶ በ26 ስታንዳርድ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚሰጠው ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛሉ። የመምህሩ የግል ምዘና ከዚህ የተለየ ነው። ሆኖም ከትምህርት ቤቱ ደረጃ 40 ከመቶው በውጤት ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ግፊቱ ዞሮ ዞሮ መምህሩ ላይ ያርፋል። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ክፍል ገብቶ ማየት

ከምዘናው ሁሉ መምህሩን የሚጠቅመው፣ ሲበላሽ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስከፋው የክፍል ምልከታ ነው። የተለመደውን እንመልከት። መዛኙ ሃያ ሠላሳ ነጥብ ያለበት ቼክ ሊስት ይዞ ይገባል። ከኋላ ይቀመጣል። የዕለት ዕቅዱን ያገላብጣል፣ ዓላማው ሰሌዳ ላይ መጻፉን ያያል፣ ስልኩ ሲጠራ ይወጣል፣ ይመለሳል። ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀር ከላይ እስከ ታች 4፣ 4፣ 5፣ 4 እያለ ይሞላል። እንዲህ ያለው ቁጥር ስለ መምህሩ የሚናገረው፣ መዛኙ ቀድሞ ስለ እርሱ ያለውን አስተያየት ብቻ ነው።

የሚሻለው ቼክ ሊስቱን ውጭ ትቶ ባዶ ወረቀት ይዞ መግባት ነው። ወረቀቱን በቁመት ለሁለት ይክፈሉት፤ በግራ ሰዓት፣ በቀኝ የሆነውን ነገር ብቻ። «ጥሩ»፣ «ደካማ»፣ «ይበል» የሚሉ ቃላት አይጻፉም። ለምሳሌ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ርዕሱ ክፍልፋይ መደመር ይሁን፤ መዝገቡ ይህን ይመስላል፦

3:10 — ሰሌዳ ላይ 1/2 + 1/3 ተጻፈ። «እንዴት እንደምራለን?» አራት እጆች ተነሡ፣ አራቱም ከፊት ሁለት ወንበሮች።

3:12 — አንድ ልጅ «2/5» አለ። «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል።» ሌላው «5/6» አለ። «ጎበዝ! አጨብጭቡለት።»

3:20 — አራት መልመጃ ተሰጠ። መምህርቷ በፊት ወንበሮች መካከል ዞረች፤ ከአራተኛው ረድፍ አላለፈችም።

3:31 — «ገባችሁ?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ፣ «አዎ!»

3:33 — ከኋላ ሁለት ረድፍ የስድስት ተማሪዎች ደብተር ታየ። አራቱ 1/4 + 1/3 ን 2/7 ብለዋል።

ይህንኑ ክፍለ ጊዜ በቼክ ሊስት ብንሞላው «ተማሪዎችን ያሳትፋል» 4፣ «ማበረታቻ ይሰጣል» 5፣ «መረዳታቸውን ያረጋግጣል» 4 ይወጣ ነበር። ጠይቃለች፣ አስጨብጭባለች፣ «ገባችሁ?» ብላለች። መዝገቡ ግን ትምህርቱ የት ላይ እንዳመለጠ በደቂቃ ያሳያል። 2/5 ያለው ልጅ የክፍሉን ሁሉ ስህተት ተናግሮ ነበር፤ ያ መልስ የዕለቱ ዋና ትምህርት መሆን ሲገባው «ቁጭ በል» ተብሎ አለፈ።

አሁን ውይይቱ ይቀላል። ማስረጃ የያዘ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም፦

«መምህርት፣ ያ 2/5 ያለው ልጅ ምን አስቦ ይመስልዎታል?»

«ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ ነዋ።»

«ከኋላ ደብተራቸውን ካየኋቸው ስድስቱ አራቱም እንደዚያው አድርገዋል። ነገ በምን ቢጀምሩ ይሻላል?»

«ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ በወረቀት ቆርጬ ላሳያቸው።»

መልሱ ከእርሷ መጣ። ከአንድ ምልከታ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሚስተካከል ነገር ላይ ብቻ ይስማሙ፤ መቼ ተመልሶ እንደሚታይ ቀን ይቆረጥ። አስራ አምስት አስተያየት የተጻፈለት መምህር አንዱንም አይሠራም። ውይይቱ ከምልከታው በኋላ ከሁለት ቀን ባይዘገይ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መምህሩም ታዛቢውም የረሱትን ክፍለ ጊዜ ነው የሚያወሩት። የመዝገቡ ቅጂም ለመምህሩ ይሰጥ።

መምህራን ደጋግመው የሚያነሡት ሌላው ነገር የመዛኙ ዕውቀት ነው። ጂኦግራፊ የተመረቀ ርዕሰ መምህር የፊዚክስ ክፍል ገብቶ ምን ይፈርዳል? ጥያቄው ልክ ነው፣ ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠይቃል። ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳልተጠራ፣ ስህተት ሲመጣ ምን እንደተደረገ፣ ሥራው ታርሞ እንደሆነ ማንኛውም ንቁ ታዛቢ ያያል። የተጻፈው ቀመር ትክክል መሆኑን፣ ምሳሌው ለርዕሱ መስማማቱን መፍረድ የሚችለው ግን ያንን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የይዘቱን ክፍል የትምህርት ክፍል ተጠሪው ይይዘዋል። አንድ የፊዚክስ መምህር ብቻ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ሱፐርቫይዘሩ ከዚያው ጉድኝት፣ ማለትም አብረው ከተደራጁት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ ሌላ የፊዚክስ መምህር ያስመጣ። ጉድኝቱ የተደራጀው እንዲህ ላለው መረዳዳት ጭምር ነው።

አሜሪካ ውስጥ 3,000 ያህል መምህራንን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ያገኘው አንድ ነገር ለእኛም ይሠራል፦ አንድ ታዛቢ ሁለት ክፍለ ጊዜ ከሚያይ፣ ሁለት የተለያዩ ታዛቢዎች አንዳንድ ክፍለ ጊዜ ቢያዩ ውጤቱ ይበልጥ የሚታመን ይሆናል። ድካሙ ያው ነው፤ ሰው መቀያየር ብቻ ነው። መምህሩም «ርዕሰ መምህሩ አይወደኝም» የሚልበት በር ይጠባል።

ታዛቢዎቹ ራሳቸው አንድ ዓይን እንዲኖራቸው፣ በመንፈቁ መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ፈቃደኛ መምህር ክፍል አብረው ይግቡ። ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይመዝግቡ፣ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፣ ከዚያ ያስተያዩ። ከአምስት በሚሰጥ ነጥብ አንዱ 2 ሌላው 4 ካለ መዝገቡን ያንብቡና «4» ለማለት ምን መታየት እንዳለበት ይስማሙ። ይህ ነጥብ ለመምህሩ አይያዝበትም።

ቀን ተነግሮት ብቻ የሚታይ መምህር ደግሞ የተለማመደ ትምህርት ያሳያል። ይህን ለማወቅ ሰላይ አያስፈልግም፤ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ዛሬ «አዲስ» ተብሎ የቀረበው ምሳሌ በትናንት ቀን ተጽፎ ከተገኘ ክፍሉ የተዘጋጀ ተውኔት ነበር። የመጀመሪያው ምልከታ ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ ሁለተኛው «ከዚህ ሳምንት እስከዚያ ሳምንት ባለው ጊዜ» ተብሎ ይነገር። ፈጽሞ ሳይነገር በድንገት መግባት ግን ያንን የግምገማ ትዝታ ይቀሰቅሳል፣ አይመከርም።

«ጊዜ የለም» ለሚለው

እስቲ እናስላው። 48 መምህራን፣ አንድ ርዕሰ መምህር፣ ሁለት ምክትሎችና ስድስት የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ያሉበት ትምህርት ቤት እናስብ። እያንዳንዱ መምህር በመንፈቅ ሁለት ጊዜ ይታይ፤ 96 ምልከታ ይሆናል። ለአንዱ 10 ደቂቃ ቅድመ ውይይት፣ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ 20 ደቂቃ ድኅረ ውይይት፣ በድምሩ 70 ደቂቃ እንበል። 96 በ70 ሲባዛ 6,720 ደቂቃ፣ ማለትም 112 ሰዓት ነው። ከመንፈቁ ምዝገባውንና ፈተናውን አውጥተን 14 የሥራ ሳምንት ብንይዝ በሳምንት 8 ሰዓት ይደርሳል። ለዘጠኝ ሰው ሲካፈል ለአንዱ በሳምንት 53 ደቂቃ ነው።

ሥራው አይቻልም የሚያሰኘው ሁሉም ነገር በአንድ ርዕሰ መምህር ትከሻ ላይ ሲወድቅና ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲገፋ ነው። ተጠሪዎቹ ራሳቸው ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩ ስለሆኑ፣ የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ ለምልከታ አንድ ክፍት ክፍለ ጊዜ አስቀድሞ ሊያዝላቸው ይገባል። ይህ ካልተደረገ መርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ተማሪ፣ ወላጅ፣ ባልደረባ

ተማሪ መምህሩን መመዘኑ ብዙ መምህራንን ያስቆጣል። «ማርክ ስለከለከልኩት ይበቀለኛል» ይላሉ። የተማሪ ምስክርነት ግን መናቅ የለበትም፤ ከመምህሩ ጋር በየቀኑ የሚውለው እርሱ ነው። ችግሩ ያለው ማን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚጠየቅ ላይ ነው።

የክፍል አለቆችን ብቻ ሰብስቦ ማስሞላት ቀላል ነው፣ ግን አለቃው ብዙውን ጊዜ የመምህሩ ቅርብ ነው። ሦስት ክፍል፣ በየክፍሉ 50 ተማሪ ካለ ከስም መጥሪያው ላይ እያንዳንዱን አምስተኛ ስም ይጥሩ፤ 30 ተማሪ ይወጣል። ስም አይጻፍ፤ መምህሩ ክፍሉ ውስጥ አይኑር፤ ወረቀቱን ሌላ ሰው ይሰብስብ። 30 መልስ ውስጥ ሁለት ሦስት ቂመኞች ቢኖሩ ውጤቱን አይገለብጡትም። ለአንድ መምህር አምስት ተማሪ ብቻ ሲጠየቅ ግን አንዱ ይገለብጠዋል።

ጥያቄው ተማሪው የሚያየውን ይጠይቅ። «መምህሩ በቂ የትምህርት ዕውቀት አለው?» ለ8ኛ ክፍል ተማሪ የማይመለስ ጥያቄ ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት መምህሩ ስንት ክፍለ ጊዜ ቀረ?»፣ «የቤት ሥራህ ታርሞ ተመልሶልሃል?»፣ «ሳይገባህ ስትጠይቅ እንደገና ያስረዳሃል?» የሚሉት ይመለሳሉ።

ወላጅም እንዲሁ ነው። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው ስለ ስድሳ መምህር ነጥብ ሲሰጡ፣ አብዛኛውን ፊቱን እንኳ አያውቁትም። ከክፍል ኃላፊው መምህር በስተቀር ሌላውን በስም የሚያውቅ ወላጅ ስንት ነው? ወላጅ የሚያውቀው ልጁ ደብተር ላይ እርማት መኖሩን፣ ሲቀር ከትምህርት ቤት መጠየቁን፣ ለስብሰባ ሲመጣ ስለ ልጁ የተነገረውን ነው። ይህ ብቻ ይጠየቅ፣ ስለ ልጁ ክፍል ኃላፊ ብቻ።

የባልደረባ ምዘናን በተመለከተ በግልጽ እንናገር። ቁጥር የሚሰጥበት ከሆነ እከክልኝ ልከክልህ ነው የሚሆነው፤ ወይም ደግሞ ያደረ ቂም መወጫ። ባልደረቦች አንዱ የሌላውን ክፍል ገብተው እንዲያዩና እንዲመካከሩ ማድረግ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ ነጥብ እስካልተያያዘበት ድረስ። መመሪያው የግድ ነጥብ የሚጠይቅ ከሆነ አብሮ ያቀደ፣ ክፍል ገብቶ ያየና መዝገብ ያለው ባልደረባ ብቻ ይስጥ።

የተማሪ ውጤት

በዕቅድ ወቅት መምህሩ «90 ከመቶ ተማሪዎቼ ከ50 በላይ ያመጣሉ» ብሎ ይፈርማል። ተከታታይ ምዘናውን የሚያዘጋጀው እርሱ፣ የሚያርመው እርሱ፣ ማርኩን የሚሞላው እርሱ ነው። በዚያው ማርክ ራሱ ይመዘናል። ጥያቄዎቹ ቢቀሉ፣ ለተሳትፎ የሚሰጠው ነጥብ ቢበዛ ማን ይገረማል? ሐቀኛው መምህር፣ ያልቻለውን አልቻለም ብሎ የጻፈው፣ በምዘና ዝቅ ይላል። ይህን ያየ ባልደረባው ትምህርቱን ይወስዳል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ከክፍል ክፍል ሲሸጋገሩ የኖሩት በትምህርት ቤት ማርክ ነው።

መፍትሔው ውጤትን ከምዘናው ማውጣት አይመስለንም፤ የሚለካበትን መንገድ ማስተካከል ነው። ትምህርት ክፍሉ በጋራ ሃያ ጥያቄ ያዘጋጅ፣ ካለፈው ክፍል ይዘትና ከመንፈቁ ይዘት የተውጣጣ። መስከረም ላይ ይፈተኑ፤ ጥያቄው ተመልሶ ይሰብሰብ፤ ጥር ላይ ያው ወይም እኩያው ይሰጥ። «ሀ» ክፍልን የሚያስተምር የ«ለ»ን፣ የ«ለ» የ«ሀ»ን ያርም። መምህሩ ከመነሻው ጋር ይነጻጸር። ከሃያ 5 ይዘው የመጡትን 10 ያደረሰ፣ 13 ይዘው መጥተው 14 ላይ ከቀሩት መምህር የበለጠ ሠርቷል።

ንጽጽሩ ውስጥ ቦታና ወቅት ካልገባ ግን ያው በደል በሌላ በር ይገባል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጅሩ ላይ ስንዴ፣ ምንጃር ላይ ጤፍ ሲሰበሰብ ክፍል ይሳሳል። የገበያ ቀን ከመጣ ከሰዓት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ግማሹ ባዶ ነው። መዝገቡ ላይ የቀረው ተማሪ ምክንያት ተለይቶ ይያዝ፤ አጨዳ፣ ገበያ፣ ሕመም፣ ሌላ። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ክፍለ ጊዜ የተገኙትን ተማሪዎች ብቻ ወስዶ መነሻና መድረሻቸውን ማስላት ይቻላል። መቅረትን ለመቀነስ መምህሩ ያደረገው ጥረት ለብቻው ይታይ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም የደረሰባትን ጥፋት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ መድረሱን፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በግጭት ሳቢያ ስንት ትምህርት ቤት ስንት ሳምንት እንደተዘጋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሰላም ካለበት ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ተሰልፎ «አፈጻጸምህ ዝቅ ብሏል» የተባለ የእነዚያ ቦታዎች መምህር ልቡ ቢሰበር ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ቀመሩን መምህሩ ራሱ ማስላት መቻል አለበት። አሜሪካ ውስጥ በሂዩስተን ከተማ የተማሪ ፈተና ውጤትን ወደ መምህር ነጥብ የሚለውጠው ስሌት የአንድ የግል ኩባንያ ምስጢር ነበር፤ መምህራን የተሰጣቸው ነጥብ ልክ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አልቻሉም። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ2017 የፌዴራል ዳኛው መምህራኑ ሊያጣሩት በማይችሉት ነጥብ መቀጣታቸው ተገቢውን የሕግ ሥርዓት የማግኘት መብታቸውን ሊጥስ ይችላል ብሎ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። የእኛው በወረቀትና በካልኩሌተር የሚሠራ ነው፤ ስሌቱን ከነደረጃው አብሮ ማያያዝ የሚያስወጣው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ውጤት ሲነገር

በብዙ ትምህርት ቤት ፎርሙ ለመምህሩ የሚደርሰው ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ሊወጣ ሻንጣውን ሲያሥር ነው። «ፈርም፣ ለወረዳ የሚላክ ነው።» ሳያነብ ይፈርማል። ካነበበም የሚከራከርበት ጊዜ የለም።

የመንፈቁ ፈተና ከመጀመሩ በፊት ረቂቁ ይሰጠው። ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ማስረጃው ይጠቀስ፤ የትኛው ምልከታ፣ በየትኛው ቀን፣ የየትኞቹ ተማሪዎች ደብተር። ማስረጃ ያልተጠቀሰለት ነጥብ፣ ከፍ ያለም ይሁን ዝቅ ያለ፣ ተመልሶ ይሞላ። ከፍ ያለውም መባሉ ይሰመርበት፤ በችሮታ የተሰጠ 5 በሥራው 5 ያገኘውን ሰው ዋጋ ያሳጣል። መምህሩ የማይስማማበትን የሚጽፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ ይኑር። መፈረሙ ማየቱን እንጂ መስማማቱን እንደማያመለክት ከፊርማው በላይ በግልጽ ይጻፍ።

«ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ውስጥ መዛኙ ራሱ ተቀምጦ ከሆነ መምህሩ ዳኛ አላገኘም። መዛኙ ማስረጃውን አቅርቦ ይውጣ። ቅሬታ ለማቅረብ አምስት የሥራ ቀን፣ መልስ ለመስጠት ሌላ አምስት ቀን ቢቆረጥ ሁለቱም ወገን የሚጠብቀውን ያውቃል። መልሱ በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይሁን፤ «ቅሬታዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል አንድ መስመር መልስ አይባልም።

የተገኘው ድካም የት እንደሚሄድም አስቀድሞ ይታወቅ። መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይጠበቅበታል፤ ብዙው ሰዓት ከጓደኛ በተገለበጠ ሞጁልና በወፈረ ፖርትፎሊዮ ያልቃል። ያቺ የሒሳብ መምህርት ከስልሳው ሰዓት አሥሩን የተማሪን ስህተት ለማስተማሪያነት መጠቀም ላይ ብታውለው፣ ከባልደረባዋ ጋር ሦስት አራት ክፍለ ጊዜ ተያይተው ቢመካከሩበት፣ በሁለተኛው መንፈቅ ታዛቢው ሲገባ የሚፈልገውን ያውቃል። እርሷም ምን እንደሚታይ ታውቃለች።

የዚህ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ነው። ማን፣ ማንን፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚያይ የሚናገረው የምልከታ መርሐ ግብር መስከረም ሳይወጣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የርዕሰ መምህሩም ስም ከታዛቢዎቹ መካከል ይኑርበት። ምልከታው በተካሄደ ቁጥር መምህሩ ራሱ ከስሙ ፊት ቀኑን ይጻፍበት። ጥር ላይ ባዶ የቀሩት ሳጥኖች ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ፣ ለእነዚያ መምህራን ነጥብ ከመሙላት በፊት ክፍላቸው ይገባ።